ከኋላዬ ያለው ሰው የሚያየው

ሰኔ 3

ሚኒባሴ ዛሬ ተኳኩላ ዋለች። የፋኖስ ሥራ ነው። ታናሽ ወንድሜ... በስሙ የምትጠራው እናታችን ብቻ ናት፤ የመኪና ኤሌክትሪክ መሥራት ከጀመረ ወዲህ ለሰው ሁሉ ፋኖስ ሆኗል። ገና ፊቴን ሳልታጠብ መጥቶ የኋላ አምፖሎቹን ሁሉ ነቅሎ በኤልኢዲ ቀየረልኝ። ስጦታ ነው አለ። ደስ ብሎኛል፣ ለምን እዋሻለሁ? አሮጌዎቹ ጉድጓድ በዘለልን ቁጥር ውስጣቸው ያለችው ክር እየተበጠሰች ስንቴ መንገድ ላይ አዋርደውኛል።

"እትዬ፣ ይሄ ክር የለው፣ የሚበጠስ ነገር የለው። መኪናዋ ታረጃለች፣ አንቺም ታረጃለሽ፣ እሱ አያረጅም።"

"አፍህ ነው የማያረጀው" አልኩት።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረ። ዳሽቦርዱ ላይ "አምፖል ተቃጥሏል" የምትለው ቀይ ምልክት በርታ አልጠፋ አለች። አዲሱ አምፖል የሚበላው ኃይል ትንሽ ስለሆነ መኪናዋ የለም ብላ ታስባለች አለኝ። ሽቦው መሃል አንዲት ጣት የማታክል ነገር አሰረና ምልክቷ ጠፋች። "ይኸው፣ ዝም አሰኘኋት" ብሎ እጁን አራገፈ።

ከዚያ እንደ ወትሮው ሴቶቹን ጫንኩ። ክር ፋብሪካ ነው የሚሠሩት፤ ጠዋት በዚያ ረጅም ቁልቁለት አወርዳቸዋለሁ፣ ማታ አወጣቸዋለሁ። ማዘር የምንላት የክፍል ኃላፊያቸው መኪናዋን ዞራ አየቻትና "ዛሬ ማንን ልንድር ነው?" አለች። ልጄም ከእነሱ ጋር ናት አሁን፤ ሥራ ከጀመረች ገና ወሯ ነው። መጨረሻ ወንበር ላይ ሄዳ ተሸጉጣ ትቀመጣለች። ለምን ብላት "እማዬ፣ ወሬሽ እዚያ ድረስ አይደርስማ።"

አይደርስም? ድምፄን አታውቀውም ማለት ነው።

ሰኔ 6

ቁልቁለቱ ላይ አንዱ ጆሮዬን አደነቆረው። ጥሩምባውን ይዞ... ይዞ... አይለቅም። በስፖኪዮ ሳይ ጭራዬ ላይ ተለጥፏል። ምን አደረግኩት? ከፊቴ መኪኖች ቆሙ፣ ፍሬን ያዝኩ፣ በቃ። ሲያልፈኝ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "አንቺ! ሰው ልትጨርሺ ነው?" ብሎኝ በረረ። መልሴን ሳይሰማ። ፈሪ!

ሴት መሪ ይዛ ሲያዩ እንደዚህ ናቸው። መንዳት ማን አስተማረኝ? ማንም። ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፣ ከመኪና ጋር የሚገናኘው የወንበር ልብስ ሲሰፋ ነው። የመንገድ ሕጉን ቁጭ ብዬ ራሴ አነበብኩ፣ ሞተሩን ራሴ ፈትቼ ገጠምኩ። ስንቱ ወንድ ተመላልሶ ያለፈውን ፈተና በአንዴ ነው ያለፍኩት። ደግሞ እነሱ ይጮሁብኛል!

"ቁርሱን ሳይበላ ወጥቶ ነው" አለች ማዘር። ሁሉም ሳቁ። ልጄ አልሳቀችም። ዞራ ወደ ኋላ ታይ ነበር።

ሰኔ 10

ጉም ወርዶ ነበር ዛሬ። ጥጥ ውስጥ እንደመንዳት።

ከቁልቁለቱ ግርጌ ማደያው ጋ ቆሜ ሴቶቹ ውሃ ሲገዙ አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ሾፌሩ ወረደ። ትከሻው በር ያክላል።

"እመቤት፣ ፍሬን ስትይዢ ለሰው አታሳውቂም?"

"በደብዳቤ ላሳውቅህ?"

"መብራትሽ አይሠራም እኮ!"

"የእኔ መብራት? አዲስ ነው! ና እይ፣ ና!"

ልጄን ፍሬን እርገጪ አልኳትና እኔና እሱ ከኋላ ቆምን። ቦግ! ሁለቱም ፍም መስለው በሩ። "ይኸው! ዓይንህን ታከም!" ሴቶቹ አጨበጨቡልኝ።

ሰውዬው ግን አልተናደደም። ጭንቅላቱን እያከከ "ታዲያ ቅድም ያየሁት ምንድነው?" አለ ለራሱ። ቆየት ብሎ ደግሞ "ያላየሁት ማለቴ ነው" አለ።

ራት ላይ እያስመሰልኩ ለባሌ ነገርኩት፣ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን የሰውዬው ፊት አልለቅሽ አለኝ። የነገረኛ ፊት አልነበረም። የደነገጠ ሰው ፊት ነው። ያን የሚያክል ሰው ምን አስደነገጠው?

ሰኔ 11

ሳልወጣ የመኪናዋን ጀርባ ወደ አጥሩ ግድግዳ አዙሬ ፍሬን ረገጥኩ። ግድግዳው ቀላ። ይሠራል። ይሠራል እኮ!

ሰኔ 13

የኋላ ወንበር ላይ ሰው መቀመጥ ተወ። ወደ ፊት ወደ ፊት እየተጠጋጉ፣ ሦስት ሆነው በሁለት ሰው ቦታ። ማዘር ከአጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። "እግሬን ልዘርጋ ብዬ ነው" አለች። እግሯን የት ትዘረጋለች እዚህ? ማርሹ ላይ?

ትንሽ እንደሄድን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አንቺ ልጅ፣ ከኋላ ያሉት መኪኖች ይመጣሉ።"

"መኪና ነዋ፣ ይመጣል።"

"እንደሱ አይደለም። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ሲል ነው የሚቆሙት።"

ልጄ ብቻ ናት እዚያ ኋላ የቀረችው። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ። ነይ ወደ ፊት ብላት "ይመቸኛል" አለች። በመስታወት እያየኋት ነው የነዳሁት። እሷን ሳይ ከፊቴ ያለውን አላይም፣ ከፊቴ ያለውን ሳይ እሷን...

ለፋኖስ ደወልኩለት። "አንቺ ደግሞ! ሰው ሁሉ ያመሰግነኛል፣ የገዛ እህቴ ትከሰኛለች። ረግጠሽ አላየሽም?" አይቻለሁ። "በራ?" በራ። "ታዲያ ምን ልሁን?"

ምን ይሁን? እውነቱን ነው።

ሰኔ 17

መኪናዋን ራሴ ወስጄ አስመረመርኳት። መርማሪው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "ፍሬን ያዢ። ልቀቂ። ፍሬቻ። እለፊ።" እንደ ሰው ልጠይቀው ብዬ፣ እየነዳሁ ሊጠፋ ይችላል ወይ አልኩት። "አሁን ጠፍቷል?" አልጠፋም። "በሩን እንዳትዘጊ፣ ከኋላሽ ሰው አለ።"

ከኋላዬ ሰው አለ። እሱ አይደል ያስጨነቀኝ!

ሰኔ 18

ፍሬን መያዝ ፈራሁ። ሾፌር ሆኜ... ፍሬን መያዝ።

ሰኔ 20

ተመታን።

ጉሙ ዛሬ ባሰ። ቁልቁለቱን ሙሉ እግሬ ፍሬን ላይ ነው፣ ሌላ ምን ማድረግ ይቻላል? ታች ልንደርስ ስንል ከፊቴ ሰልፉ ቆመ፣ እኔም ቀስ ብዬ ቆምኩ። በጣም ቀስ ብዬ። ከዚያ ያ ድምፅ። ቆርቆሮ ሲጨማደድ ያለው ድምፅ... ከዚያ በፊት ግን ጎማ ሲንሸራተት ሰምቻለሁ። መስማትና መጠበቅ። ልጄን መጥራት ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ። እኔን! አፌ!

አንገቷን ይዛ ወጣች። "ደህና ነኝ እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ አታልቅሺ።" እያለቀስኩ መሆኔን ከእሷ ነው የሰማሁት። ሐኪሙ ጅማት ነው፣ ይሻላታል አለ። ሌሎቹ ወደ ፊት ተጠጋግተው ስለነበር ምንም አልሆኑ።

የመታን ሰውዬ መነጽር ያደረገ፣ ጨዋ ሰው ነው። አልጮኸም። ዝናቡ ላይ ቆመን፣ እሱ ጢሙ እየተንጠባጠበ፣ ትራፊኩን ጠበቅን። ቆይቶ መጣ። ፍሬን ያዢ አለኝ፣ ያዝኩ። በራ! ትራፊኩ ወደ ሰውዬው ዞረና "ርቀትህን አልጠበቅክም" አለው። አለቀ።

ፈረዱልኝ።

ሰውዬው ሊሄድ ሲል ወደ መስኮቴ መጣ። "ወይዘሮ፣ ክርክር አይደለም። በልጆቼ እምልልሻለሁ፣ ከፊቴ ምንም መብራት አልነበረም። ጉም ነበር፣ ከዚያ ግድግዳ መጣብኝ።" ምን ልበለው? ሌላ ጊዜ ቢሆን ልክ ልኩን እነግረው ነበር። መስታወቱን ዘጋሁበት።

ለምን ዘጋሁበት?

ሰኔ 21

መኪናዋን አላወጣሁም። ሴቶቹ በሌላ ሄዱ። ልጄ አንገቷን በፎጣ ጠቅልላ ተኝታለች፣ በየሰዓቱ ገብቼ አያታለሁ፣ "መተንፈሴን ልታረጋግጪ ነው?" እያለች ትቀልዳለች።

ባሌ የሰው ሱሪ ይተኩሳል። እኔ እዚያው ክፍሉን እየዞርኩ እለፈልፋለሁ። እኔ ሳይ ይበራል፣ ትራፊኩ ሲያይ ይበራል፣ መርማሪው ሲያይ ይበራል፣ ከኋላ ያለው ሰው ብቻ አያይም! ደግሞ ሁሉም በአንድ ላይ ሊዋሹብኝ ነው? ባሌ ካውያውን ቆም አደረገና፣

"ሁላችሁም የምታዩት ቆማ ነው አይደል?" አለ።

"እና?"

"ይሄ ካውያ ሲግል ራሱን ያጠፋል። ሲበርድ ተመልሶ ይበራል። ገና ስሰካው ብታዪው ጤነኛ ነው።"

ተመልሶ መተኮሱን ቀጠለ። ይሄ ሰው ጭራሽ ሳይናገር ይከርምና እንዲህ ያለ ነገር ጣል ያደርጋል። እኔ ቁጭ አልኩ። ቁልቁለቱን ሙሉ እግሬ ፍሬን ላይ። ጉም ስለሆነ የኋላ መብራቱም በርቶ። አምፖሉ ደግሞ አንዱ ነው፣ የሁለቱንም ሥራ የሚሠራ። በዚያች በተዘጋች ፕላስቲክ ውስጥ... ከዚያ ታች ስደርስ እቆማለሁ፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ይበርዳል፣ "ና እይ" እላለሁ።

ዳሽቦርዷስ? እሷማ ዝም እንድትል ተደርጋለች። ብትጮህ ኖሮ እኔ አውቅ ነበር።

ፋኖስን ጠራሁት። ነገ እሁድ ነው፤ አንተ የእኔን መኪና ንዳ፣ እኔ ከኋላህ እከተላለሁ አልኩት። "ላሳርፍሽ" አለ። እየሳቀ።

ሰኔ 22

የጎረቤታችንን መኪና ተዋስኩ። ባሌ ከጎኔ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ይዟል። ፋኖስ ከፊታችን ወረደ። ጉሙ እንደ ሰሞኑ ነው።

መጀመሪያ እንዴት ያምራል! ቀይ፣ ጥርት ያለ። "እትዬ፣ ታየሽ? ታየሽ? ከአውሮፕላን ይታያል ይሄ!" እያለ በስልክ ያላግጣል። እኔም ማፈር ጀመርኩ። ሰውን ሁሉ በከንቱ...

ቁልቁለቱ ሲጋመስ የቀኙ ተርገበገበ። ሁለቴ። ጠፋ።

"ፋኖስ፣ ፍሬን ይዘሃል?"

"ይዣለሁ እትዬ፣ ምነው?"

ከዚያ የግራው። ዝም ብሎ፣ ሻማ እፍ እንደሚሉት። መኪናዬ ከፊቴ ጠፋች። ሁለት ቶን ብረት እኮ ናት! ጉሙ በላት። ወንድሜ ውስጧ ነው። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ እዚያ ነጭ ነገር ውስጥ የሆነ ቦታ አለ፣ የት እንዳለ ግን አላውቅም፣ ይሂድ ይቁም አላውቅም። ፍሬን ያዝኩ። ከኋላ መስታወቴ የጭነት መኪና መብራት ሲያድግ አየሁ። አራቱንም ፍሬቻ አበራሁ። እጄ ጥሩምባው ላይ ነው፣ አልለቅም። "ሰው ልትጨርስ ነው!" እላለሁ፣ ስልኩ ውስጥ እጮኻለሁ። ባሌ ክንዴን ይዞ "ቆሟል፣ ቆሟል፣ ፊትሽ ነው" ይለኛል። በድንገት የመኪናዬ ጀርባ፣ የተጨማደደው በሯ፣ አፍንጫዬ ሥር። በእጅ የምትነካ። ቆምኩ። የጭነት መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ በጎናችን አለፈ።

ወደ ዳር አወጣናት። ፋኖስ ሞተሩን እንዳያጠፋ፣ እግሩንም ከፍሬን እንዳያነሳ አልኩት። ከዚያ ባሌ ቦታውን ያዘለትና እሱ ወርዶ መጣ። አየ። ምንም። እጁን ሽፋኑ ላይ አስቀመጠና መለስ አደረገ። ይፋጃል። ዝናቡ እየመታው ቆመን ስናይ፣ ቆይቶ የግራው ቦግ አለ። እኛን ያላገጠ ይመስል።

ወንድሜን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከንፈሩ ነጭ።

ሰኔ 23

ሱቁ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጎ ተቀምጧል።

"ለማን ለማን አስገብተሃል?"

ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን አምፖሎች መሰብሰብ ጀመረ።

"አንተ! እየጠየቅኩህ ነው።"

"ተራ ላይ ላሉት ሚኒባሶች... ለዳቦ ቤቱ መኪና... ለክሊኒኩ።"

"ለክሊኒኩ ምን?"

"አምቡላንሱ።"

ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። እሱ ይለምነኛል። "ፈትሼ ነው እኮ የሰጠሁት፣ አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አብርቼ። እትዬ፣ ቀስ ብዬ እቀይራለሁ። ሲመጡ ሲመጡ። አሁን ካወራሽው ይሄን ሱቅ ማን ይረግጠዋል?"

"ቀስ ብሎ የሚጋጭ መኪና አይተሃል? የልጄን አንገት አየኸው?"

"አንቺ መቼም ምላስሽ..."

"ምላሴን ታውቀዋለህ! ነገ ካልነገርካቸው ተራው መሃል ቆሜ እኔ እናገራለሁ። የወንድሜ ሥራ ነው ብዬ።"

ለመናገር ፈርቼ አላውቅም። ዛሬ ፈራሁ። ነገ እሱ ባይሄድስ? እውነት ልናገርበት ነው? ዝም ብልስ... አምቡላንሱ ውስጥ የማን እናት አለች?

ሰኔ 25

ፋኖስ ሄዷል። ትናንት በየቤታቸው ዞረ። እንደኔው ከግቢ ሳያወጡ ፍሬን ረግጠው "ይሠራል እኮ! ሌላ ልትሸጥልን ነው?" ብለው መለሱት። አምቡላንሱንና ዳቦ ቤቱን ብቻ አሳምኖ በአሮጌው ዓይነት ቀየረ። የእኔንም መልሷል፤ ያቺን ያሰራትን ማፈኛም በጥሶ ጣላት።

ዛሬ ሴቶቹን ይዤ ስወርድ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ የሆነ ሰው ዝናቡ ውስጥ ቆሞ እጁን ያወናጭፋል። ፋኖስ ነው! አምፖሎቹ እዚያ ሲደርሱ ነዋ የሚግሉት። የሚያውቃቸውን መኪኖች አንድ በአንድ ያስቆማል፣ "ፍሬን ይዘህ ቆይ፣ ውረድና እጅህን አስቀምጥበት" ይላል። አንዱ አንገቱን አንቆት ነበር። ሌላው "ሌባ" እያለው ነበር ስናልፍ። እሱ ጎንበስ ብሎ አምፖል ይፈታል።

ቆሜ የሆነ ነገር ልለው ፈልጌ ነበር። ማዘር መስኮቱን ከፍታ "የኔ ልጅ፣ ራስህን ሸፍን" ብላ ሻርፗን ወረወረችለት።

ማታ ደወለ። ተራ ላይ ያሉት አልቀዋል ማለት ይቻላል። "ግን እትዬ፣ ገዝተው ራሳቸው ያስገቡ አሉ። መልካቸውን አላስታውስም። ደግሞ የምሸጠው እኔ ብቻ አይደለሁም።"

እንዴት ልተኛ?

ሐምሌ 2

ልጄ ወደ ሥራ ተመለሰች። ወደ ፊት ነይ ብላት፣ ብለምናት፣ የኋላ ወንበር ላይ ካልሆነ አለች። ማዳመጫውን ትታዋለች። ዞራ ተቀምጣ ከኋላ የሚመጣውን ትነግረኛለች። "ሚኒባስ ነው፣ ርቀቱን ጠብቋል።" "ትልቅ መኪና፣ ቀርቧል እማዬ።" እኔ ከፊት ያለውን ብቻ አያለሁ። የማንንም ጀርባ ማመን ትቻለሁ። ቀይ ካላየሁ ራሴ ፍሬን እይዛለሁ።

ዛሬ ከፊታችን ግራጫ የቤት መኪና ወረደች። መጀመሪያ ደህና ነበረች። ከመሃል በኋላ እየቀረበችኝ መጣች፣ እየቀረበች... ቀይ የለም። ቆማለች! ጥሩምባ ነፋሁ። ዳር አወጣት። ሰውዬው በሩን በርግዶ መጣ።

"ምን ሆነሽ ነው አንቺ ሴትዮ? መንዳት ሳትማሪ መኪና ይሰጡሻል!"

ይቺን ቃል በሕይወቴ ለማንም አሳልፌ አላውቅም። ምራቄን ዋጥኩ። "ወንድሜ፣ የፍሬን መብራትህ ሲግል ይጠፋል። እባክህ፣ እኔ ልርገጥልህ፣ አንተ ከኋላ ቆመህ እይ።"

"ትናንት ነው ያስገባሁት!" ብሎ ገብቶ ረገጠው። ይህን ሁሉ ሲጮህ ዝናቡ አብርዶታል... በራ። "ይኸው! ታዩታላችሁ? ዓይንሽን ታከሚ!" በሩን ጠርቅሞ ሄደ። በኋላ መስታወቱ የልጅ ኮፍያ አየሁ። ቢጫ። ያደረገችው ልጅ ዞራ እጇን አወዛወዘችልን።

እኔ መሪውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ምን ላደርግ እችላለሁ? ተናገርኩ፣ አልሰማም። ሰው አልሰማም ካለ...

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አለች ማዘር። "ተከተይው እንጂ!"

ተከተልኩት። አራቱንም ፍሬቻ አብርቼ፣ ጀርባው ላይ፣ በመሃላችን ሌላ መኪና እንዳይገባ። እሱ ይፈጥናል፣ እኔ እፈጥናለሁ። ያሳደድኩት መስሎት በመስኮት እጁን ያወናጭፋል። "ትልቅ መኪና!" ትላለች ልጄ ከኋላ፣ "አየን እማዬ፣ ራቅ አለ!" የፋብሪካውን መታጠፊያ አለፍነው። ማንም አውርጂኝ አላለኝም። እሱ ፍሬን ቢይዝ አላይም፣ እግሩን በጎማው ፍጥነት እየገመትኩ ነው የምነዳው። ሜዳው ላይ ደርሶ ወደ ሰፈር ታጠፈና ጠፋ።

ተመልሰን ሥራ አርፍደን ገባን። ጥበቃው ምን ሆናችሁ ነው ሲል ማዘር "ሰው ሸኝተን" አለችው።

ማታ ስንወጣ ልጄ "ነገም በዚያው ሰዓት ይወርድ ይሆን?" አለች። ከመሃል ወንበር አንዷ ልጅቷን የክረምት ትምህርት ቤት የሚያደርስ ከሆነ ይወርዳል አለች። ሌላዋ፣ እንግዲያው ቀድመን ቁልቁለቱ አናት ላይ ጠብቀን ከኋላው እንውረድ አለች።

ነገ ቀደም ብለን ልንወጣ ነው።